ሞተሬ መንገድ ሲዘጋ ይሞቃል፤ ቴስታታ ላስወርድ ወይስ ልቆይ?

ነጯ ኮሮላ

ሰላም ለሁላችሁ። ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስወረዴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ብዬ ነው።

መኪናዬ በፈረንጅ 1990 የተሠራች ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.3፣ ባለ ካርቡሬተር። የምኖረው ሰሚት ነው፣ ሥራዬ አራት ኪሎ። ጠዋት እስከ መገናኛ ደህና ናት። መገናኛ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ በላይ መውጣት ይጀምራል። ሾላን አልፌ ትንሽ ከነዳሁ ይወርዳል። ቀበና ዳገቱ ላይ ሰልፍ ካለ ግን አለቀልኝ። ሪዘርቩ (ከራዲያተሩ የሚተርፈውን ውሃ የሚቀበለው ዕቃ) ውስጥ ውሃው ሲንተከተክ መሪ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ሞልቶ በጎን ይፈሳል። የሚገርመኝ ጌጁ ቀዩ ጋ ሳይደርስ መፍላቱ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ሪዘርቩ ሙሉ ነው፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል።

እስካሁን የተደረገላትን ልንገራችሁ። ራዲያተሩ ታጥቧል። ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን) ጋራዥ አውጥተው ጣሉት፤ «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» አሉኝ። የቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሞተር ተቃጥሎ ስለነበር ያገለገለ ተገዝቶ ተገጠመ። ኤሌክትሪሺያኑ ቁልፍ ስከፍት አብሮ እንዲነሳ ዳይሬክት አድርጎታል። ስለዚህ ቬንትሌተሩ ሁሌም ይዞራል፣ እሱን አትጠርጥሩት። የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው።

አሁን መካኒኩ «ጓርኒሲዮን በልቷል፣ ቴስታታው መውረድ አለበት» እያለኝ ነው፤ ጓርኒሲዮን ያለው ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ ነው። ዋጋውን ስሰማ የኔም ጌጅ ወጣ። ነጭ ጭስ የላትም። ዘይቷ ንጹህ ነው። ምን ትላላችሁ?

ፈጣን መልስ

ወንድሜ አትልፋ፣ ጓርኒሲዮን ነው። ውሃ ወደ ሪዘርቭ እየገፋ ካስወጣ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ካስወረድከው ደግሞ ቴስታታው ተጣመመ ይሉሃል፣ ከዚያ ቫልቭ ይሉሃል፣ ከዚያ ፒስተን። ጊዜ ሳትፈጅ ሽጣት።

ነጯ ኮሮላ

እህት ነኝ። መሸጡን እንኳ ተወው፤ በዚህ ዋጋ ሌላ መኪና ከየት ይመጣል?

ጡረተኛ መካኒክ

ልጄ፣ ረጋ በይ። ቴስታታ የሚወርደው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። ቴስታታ ማውረድ ለመካኒክ ጥሩ ገንዘብ አለው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገር አየሁበት። አንደኛው፣ ስትቆሚ ይሞቃል፣ ስትነጂ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ጌጁ ቀይ ሳይነካ ውሃው ይፈላል፤ ወደ ሪዘርቭ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ግን አይመለስም። እነዚህ የአንድ በሽታ ምልክቶች ላይሆኑ ይችላሉ። ከሁለተኛው እንጀምር፤ ርካሹ እሱ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ማን አየው? ከዘረዘርሽው ውስጥ የለም። ራዲያተር ያሳጥባሉ፣ ቴርሞስታት ይጥላሉ፣ ክዳኑን መልሰው ይጠመዝዙና መኪናውን ያስረክባሉ።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ የተማርነው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የአንቺ ሞተር ደግሞ ጤነኛ በነበረ ጊዜም ከ80 እስከ 95 ባለው መካከል ነው የሚሠራው። ፋብሪካው ለቬንትሌተሩ ያደረገለት ስዊችም የሚያስነሳው 93 አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ አስቢው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ እኛ ከተማ ውስጥ ውሃው ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ይፈላል። ሞተሩ አንድም ነገር ሳይሆን። ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ያው ሞኝ ክዳን ትንሽ ያቻችልሽ ነበር፤ እዚህ ግን አያቻችልም።

ክዳኑን ገልብጠሽ ወይም ከላይ እዪው፤ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው። የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9ኙ በትክክል ከያዘ አዲስ አበባ ላይ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ባቄላ የሚቀቀልበትን የፕሬዠር ድስት ክዳን አስቢ። ጎማው ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ፣ ወይም ስፕሪንጉ ሲደክም፣ ግፊቱ በዚያ በኩል ያመልጣል።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ የወጣውን ውሃ ከሪዘርቭ መልሳ ታስገባለች። ማታ ሪዘርቩ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎዶሎ ነው ያልሽው እዚህ ላይ ነው። ቫልቯ ተጣብቃ ይሆናል። ወይም ጎማው አየር እያስገባ ነው፤ ያኔ በውሃ ፋንታ አየር ይሳባል። ከክዳኑ አንገት ወደ ሪዘርቭ የምትሄደዋን ቀጭን ቱቦም እዪያት፤ ከተሰነጠቀች ያንኑ ታደርጋለች። ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሺ የላይኛውን ማኒኮቶ፣ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ተመልከቺ። ተጠፍጥፎ ካገኘሽው ቫልቯ ናት፣ ሌላ ምስክር አትፈልጊ።

አሁን ወደ ጓርኒሲዮኑ። ወንድማችን «ሌላ ሊሆን አይችልም» ያለው ትክክል አይደለም፤ ግን መጣራት አለበት። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ክፈቺ። ውሃውን እስከ አንገቱ ሙዪና አስነሺ። ቴርሞስታት ስለሌለሽ ውሃው ወዲያው ሲዞር ታያለሽ፣ እሱ አያስደንግጥሽ። የምትፈልጊው አረፋ ነው። መጀመሪያ ላይ የተደበቀ አየር ስላለ ትንሽ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ካልቆመ፣ ነዳጅ ስትሰጪው ደግሞ ከባሰበት፣ የፒስተኑ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። ሌላው ምልክት፣ ክዳኑ ተዘግቶ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ነው። ደህና ጋራዥ ካገኘሽ ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ አለ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፤ የጭስ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ማንም ሰው ይህን ሳያሳይሽ ቴስታታሽን እንዳይነካ።

ዘይቱ ንጹህ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጓርኒሲዮን ውሃና ዘይት ሳያቀላቅል በጋዝ በኩል ብቻ ሊበላ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና በእርጥበት ብቻ የዘይት ክዳኑ ላይ ነጭ ነገር ያበጃል፤ በዚያ ተደናግጦ ቴስታታ ያስወረደ ሰው አውቃለሁ።

ስለ መጀመሪያው፣ ቆመሽ ስለሚሞቀው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። አንድ ላይ ሁለት ነገር ከነካካሽ የትኛው እንዳዳነሽ አታውቂም። መጀመሪያ አረፋውን እዪ፣ ከዚያ ክዳኑን ቀይሪ፣ ከዚያ ጻፊልኝ።

የጋላፊው

ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ ጅቡቲ መስመር። ከመንገድ በኩል ጥቂት ልጨምር።

እህቴ፣ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍቺው። ጨርቅ ደርቤ ቀስ ብዬ እከፍተዋለሁ የሚሉሽን አትስሚ። ግፊት ላይ ያለው ውሃ ክዳኑ ሲላቀቅ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ነው ፊትሽ ላይ የሚወጣው። የላይኛውን ማኒኮቶ በእጅሽ ጨምቂው። ለስልሶ ሲጨመቅልሽ ብቻ ክፈቺ።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሺ። የአንቺ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ ቶሎ ይጣመማል። ያኔ እውነትም ጓርኒሲዮን ይበላል።

ቀበና ላይ ጌጁ ሲወጣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቺ፣ መስኮቱንም ክፈቺ። ሂተሩም ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ሙቀት ይወስድልሻል። ላብ በላብ ትሆኛለሽ፣ ግን ታልፊያለሽ። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ የሂተሩን ቱቦ ቆርጠው ደፍነውታል፤ ያንቺ ይሠራ እንደሆነ ቀድመሽ ሞክሪው።

በመጨረሻ፣ ጌጅን ሁሌ አትመኚ። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ ጌጁ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ጉሐ ጽዮን ጀምረው አባይ በረሃን ወርደው ደጀን ሳይደርሱ የሚቆሙ ትንንሽ መኪኖችን ሳነጋግር ብዙዎቹ «ጌጁ ደህና ነበር» ነው የሚሉኝ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን አልስማማም። የእኛ ሰው ቬንትሌተር ዳይሬክት ማድረጉ ምን ክፋት አለው? ሁሌ ቢዞር አይሻልም?

ጡረተኛ መካኒክ

የጋላፊው፣ እኔ እኮ ስለ ዳይሬክቱ ገና አፌን አልከፈትኩም! ግን ከጠየቅክ ልንገርህ። ሪሌ (ብዙ ኤሌክትሪክ በቁልፉ ፋንታ የሚያሳልፍ ማብሪያ) እና ፊውዝ አድርጎ የሠራ እንደሆነ ብዙ አልከራከርም። ብዙዎቹ ግን ሽቦውን ከቁልፉ ላይ ነው ጎትተው የሚወስዱት። ቬንትሌተር ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ቁልፉ ውስጥ ያለው ኮንታክት ይግላል፣ ቀስ እያለ ይቃጠላል። ሞተሩም ያለ ዕረፍት ሲዞር ዕድሜው ያጥራል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የቀረው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?

የሚያናድደኝ ግን ስዊቹን ማዳን ቀላል መሆኑ ነው። የነዚህ ቶዮታዎች ስዊች ሲቀዘቅዝ የተያያዘ፣ ሲሞቅ የሚላቀቅ ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ነቅለህ ቁልፉን ብቻ ብትከፍት ቬንትሌተሩ መነሳት አለበት። ከተነሳ ሪሌው፣ ፊውዙና ሞተሩ ደህና ናቸው፣ የሞተው ስዊቹ ብቻ ነው። ካልተነሳ ሌላውን ትፈልጋለህ። ይህን ለማወቅ መፍቻ እንኳ አያስፈልግም።

ነጯ ኮሮላ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግኩ።

ጠዋት ማኒኮቶው ተጠፍጥፎ ነበር። እስከዛሬ አይቼው አላውቅም፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? አረፋውን ከወንድሜ ጋር ሆነን አየን። መጀመሪያ ትንሽ ቡልቅ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ነዳጅ ስሰጠውም ምንም አልመጣም።

የድሮው ክዳን ጎማ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ሶማሌ ተራ ሄጄ 0.9 ገዛሁ። ሻጩ «1.1 ይሻላል፣ ይበልጥ ይይዛል» ብሎኝ ነበር፤ የድሮው ላይ የተጻፈውን አሳይቼው እምቢ አልኩ። ልክ ነኝ?

ከዚያ ወዲህ ሪዘርቩ አልፈላም፣ ውሃውም ማታ ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን መገናኛ ላይ ጌጁ አሁንም ይወጣል። ቬንትሌተሩ እየዞረ እኮ ነው፣ ድምፁን እሰማዋለሁ። ራዲያተሩ በደንብ አልታጠበ ይሆን?

ጡረተኛ መካኒክ

ልክ ነሽ ልጄ። ክዳን የተጻፈበት ለዚያ ሞተር የታሰበው ነው። 1.1 ብትገጥሚ ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ማኒኮቶ ላይ ግፊት ትጨምሪበታለሽ፤ ደካማው ቦታ ይፈነዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር። ቆሞ የሚሞቅና ሲሄድ የሚወርድ ሞተር አየር ነው ያጣው። ራዲያተሩ ውስጡ ቢዘጋ ኖሮ በተቃራኒው ነበር፤ ፍጥነት መንገድ ላይና ረጅም ዳገት ላይ ነበር የሚብሰው፣ ሞተሩ ብዙ ሲሠራ። አንቺ ስትሮጪ ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዝሻል። ስትቆሚ ነፋሱን መተካት ያለበት ቬንትሌተሩ ነው።

«ቬንትሌተሩን አትጠርጥሩት» ያልሽው ነው እኔን ያስጠረጠረኝ። ያገለገለ ሞተር፣ ሽቦው ተቆርጦ እንደገና የተቀጠለ። መዞሩን እሰማለሁ አልሽ። ወዴት ነው የሚዞረው?

አንድ ቀጭን ወረቀት ያዢ። ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ ክፈቺ፤ ዳይሬክት ስለሆነ ይነሳል። ወረቀቱን ከፊት በኩል ግሪሉ ላይ አስጠጊው። ተስቦ መለጠፍ አለበት። ከገፋው ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። የሞተሩን ሙቀት በራዲያተሩ በኩል ወደ ፊት ይተፋል። ስትነጂ ደግሞ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይታገላል።

ነጯ ኮሮላ

ጋሼ!!! ወረቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ወንድሜ ሳቁን ማቆም አቃተው።

አሁን ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ልመለስ? እሱማ «አንቺ ነሽ የነካካሽው» ነው የሚለኝ።

ፈጣን መልስ

ይቅርታ እህቴ፣ አትሽጫት።

ጡረተኛ መካኒክ

ማንም ኤሌክትሪሺያን ይሠራዋል። ቬንትሌተሩ ላይ የሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠዋል፤ ቦታ ማቀያየር ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቂ። ክንፉ የመጣው ከዚያው ካገለገለው ሞተር ጋር ነው ወይስ የድሮው ክንፍ ነው የተገጠመው? የክንፉ አጣመም ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር ካልገጠመ ሽቦው ቢቀያየርም የሚስበው አየር ትንሽ ነው። ከተስተካከለ በኋላ በወረቀቱ ደግመሽ እዪ። በዚያው ሪሌ ያስገባልሽ፣ ስዊቹንም ይመልስልሽ።

ከዚያ ቴርሞስታት ትገጥሚያለሽ። «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» የሚለው ወሬ እኔ ተለማማጅ ሳለሁም ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርዱ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ፒስተኑን ይፈጀዋል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ሙቀት ለመቀነስ ብለው አውጥተው ሙቀት ይጨምራሉ።

የቧንቧ ውሃውንም ተይው። እኛ አገር ራዲያተር ውሃው በረዶ አይሆንም ብለን ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ) እንንቃለን። የኩላንት ዋናው ጥቅም ለኛ ዝገትን መከላከሉ ነው። በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ነጩ ነገር ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል፣ አሉሚኒየሙም ይበላል። የድሮው ውሃ ዝገት የሌለበት ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ አጥበሽ፣ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሙዪ።

የጋላፊው

ጋሼ፣ ቴርሞስታት ስንገዛ በድስት ሞክሩት ይባላል። እኔ አንዴ አዲስ ገዝቼ ቤት ቀቅዬው አልከፈት ብሎኝ መለስኩት። ሻጩ ጋ ተጣላን።

ጡረተኛ መካኒክ

ላዩ ላይ የተጻፈው የሚከፈትበት ሙቀት ስንት ይላል? 88 ይል ከነበረ ሻጩ ልክ ነበር ይሆናል። ድስትህ አዲስ አበባ ላይ ከ92 አይበልጥም፣ የፈለግከውን ያህል እሳት ብታነድበት። 88 የሚለው በዚያ ሙቀት ገና መላቀቅ ነው የሚጀምረው፤ በዓይን ላታየው ትችላለህ። 82 የሚለው ግን 92 ላይ በግልጽ ተከፍቶ ይታያል።

ልጄ፣ ለአንቺ 82 ነው። ስትሞክሪው በክር አንጠልጥለሽ ውሃው መሐል ይሁን፣ የድስቱን ወለል አይንካ፤ ወለሉ ከውሃው በላይ ስለሚግል ያታልልሻል። ሲገጠም ዳሩ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ቁልፍ የመሰለች ነገር አለች፤ እሷ ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ዙሪያውን ያለው ጎማ አዲስ ይሁን። ውሃ ስትሞዪ ሂተሩን ክፈቺው፣ ክዳኑን ሳትገጥሚ ሞተሩን አስነሺና አረፋው እስኪቆም ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ሪዘርቩን ሁለቱ መስመሮች መሐል አድርሺው። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ እንደገና እዪው፤ ትንሽ መጉደሉ አይቀርም፣ ሙዪው። ከዚያ በኋላም የሚጎድል ከሆነ የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ፍለጋ ጀምሪ።